የቁንዱዶ የዱር ፈረስ፤ አመጣጡና ለአርቢ የሚሰጠው ትምህርት
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ የንባብ ጽሑፍ)

መግቢያ

በዚህ ክፍለ ጊዜ የምንማረው ስለ ፈረስ ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ላይ ተቀምጦ ስለ ፈረስ መማር ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አብዛኛዎቻችሁ በጠባብ ግቢ የወተት ላም፣ ዶሮ ወይም በግ የምታረቡ ናችሁ። ፈረስ የምታዩት ከከተማው ዳር የመጣ ጋሪ ሲያልፍ ነው። አለዚያም ጎልማሳነቱን በጋሪ ጨርሶ፣ ባለቤቱ የለቀቀው ከሲታ ፈረስ በቀለበት መንገዱ አካፋይ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ታዩታላችሁ።

ነገር ግን ይህ ከተማ በፈረስና በበቅሎ ጀርባ የቆመ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ለገሃር እስኪደርስ ድረስ፣ አዲስ አበባ የምትበላውም የምትለብሰውም በአጋሰስ፣ በአህያና በግመል ተጭኖ ነበር የሚገባው። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የአንድ አነስተኛ መንጋ ዕጣ እንዴት እንደሚወሰን ከቁንዱዶ ፈረሶች በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። የፈረሱ ሒሳብ በጓሮ ዶሮም፣ በበግም፣ በፍየልም ያው ነው።

ቁንዱዶ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ቁንዱዶ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በጉርሱም ወረዳ፣ ከፉኛን ቢራ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ተራራ ነው። የሰሜኑን አምባዎች የምታውቁ ቅርጹን በቀላሉ ትረዱታላችሁ፤ ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ ነው። ከፍታው ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ ያለው አገር ማሽላ፣ ለውዝና ጫት የሚያበቅል ሞቃት ምድር ሲሆን፣ አናቱ ግን ብርዳምና ሣራም ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ። ልጓም አልገባላቸውም፤ ኮርቻ አልተጫነባቸውም። እዚያው ይወለዳሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል። የውጭው ዓለም ስለ እነርሱ የሰማው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ማርኮ ቪጋኖ የተባለ ጣሊያናዊ አሳሽ ወደ ተራራው ወጥቶ መኖራቸውን ካስታወቀ በኋላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከሰው እጅ ውጭ የሚኖር የፈረስ መንጋ እጅግ ብርቅ ነገር ስለሆነ ዜናው ቶሎ ተሰራጨ። ቁጥራቸው ግን ያን ጊዜም በጣት የሚቆጠር ነበር።

የዱር ነው ወይስ የሸፈተ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት አለብን። የቁንዱዶ ፈረስ «የዱር ፈረስ» ይባላል፤ እኔም በርእሱ ላይ ብዬዋለሁ። በትክክል ለመናገር ግን የሸፈተ ፈረስ ነው። ቅድመ አያቶቹ ለማዳ ነበሩ፤ በሆነ ዘመን ከሰው እጅ አምልጠው ወይም ተትተው ጫካ ገቡ፣ ልጆቻቸው ዱር ውስጥ ተወለዱ። በትውልዱ የዱር የሆነው ፈረስ በሞንጎሊያ የሚገኘው ፕርዤቫልስኪ የሚባለው ነው። እርሱም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዱር ጠፍቶ፣ በአራዊት ማቆያዎች ከቀሩት ጥቂቶች እንዲራባ ተደርጎ በ1992 ወደ አገሩ መመለስ ተጀመረ።

አገራችንም ከፈረስ ወገን የሆኑ እውነተኛ የዱር እንስሳት አሏት። በአፋር የዱር አህያ አለ፤ በደቡብና በምሥራቅ ቆላ የሜዳ አህያ አለ። አህያ ራሷ የተገራችው እዚሁ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ የዛሬ 7 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የአህያ አገር ነን ብንል ያምርብናል። ፈረስ ግን እንግዳ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የዱር እንስሳ ሕግም ተቋምም የሚጠብቀው አለው። ለማዳ እንስሳ ደግሞ ባለቤት አለው። የሸፈተ ፈረስ ከሁለቱም መካከል ወድቆ ይቀራል። የዱር እንስሳ ጥበቃ «ፈረስ የቤት እንስሳ ነው» ይላል፤ የእንስሳት እርባታ ባለሙያው «ባለቤት ስለሌለው ለማን ላስተምር?» ይላል። በመካከሉ ገመድ ይዞ ተራራ የወጣ ጎረምሳ አንዷን ባዝራ ይዞ ይወርዳል።

ከየት መጣ?

ፈረስ የተገራው ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን ባለው ሰፊ የሣር ምድር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ለማዳ ፈረስ ሁሉ ከዚያ የተሰራጨው ከክርስቶስ ልደት በፊት 2200 ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደሆነ የዘረ መል ጥናቶች አሳይተዋል። ወደ ግብፅ የገባው ከልደት በፊት በ1600ዎቹ አካባቢ ነው። ከግብፅ ወደ ኑብያ ወረደ። በ8ኛው መቶ ዓመት (ከልደት በፊት) የነበረው የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ለፈረስ ከነበረው ፍቅር የተነሣ፣ ድል ባደረገው ከተማ ፈረሶች ተርበው ማግኘቱን በሐውልቱ ላይ አስጽፎ አውግዟል። ከነገሥታቱ መቃብር ጎንም ፈረሶች ተቀብረው ተገኝተዋል። ከዚያ ወደ እኛ ሁለት በር አለ፤ አንዱ የአባይ ሸለቆ፣ ሌላው የቀይ ባሕር ወደብ። በሁለቱም በኩል ለብዙ መቶ ዓመታት ፈረስ ሲገባ ኖሯል።

ወደ ቁንዱዶ ስንመጣ፣ አፈ ታሪኩ ፈረሶቹን ከኢማም አህመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ዘመን ጋር ያያይዛቸዋል። ኢማሙ መነሻቸው ሐረር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1529 በሽምብራ ኩሬ ያሸነፉትም፣ በ1543 ወይና ደጋ ላይ እስከወደቁበት ድረስ የዘመቱትም ብዙ ፈረሰኛ አሰልፈው ነው። የዚያ ሠራዊት ፈረሶች ተራራው ላይ ቀሩ ይባላል። እኔ እንደ እርባታ ባለሙያ ሳየው ታሪኩ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ግን ብቻውን በቂ አይመስለኝም። ፈረስ በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት አንድ ትውልድ ይተካል ብንል፣ ከግራኝ ወዲህ 50 ትውልድ አልፏል ማለት ነው። በጠባብ አምባ ላይ የተዘጋ መንጋ ሌላ ደም ሳይጨመርበት 50 ትውልድ መቆየት ይከብደዋል። ሐረርጌ ደግሞ ከግራኝ በኋላም የጦርና የንግድ መንገድ ነበር። ከየዘመኑ አንዲት ባዝራ አምልጣ፣ አንድ ድንጉላ ገመዱን በጥሶ ተራራ ወጥቶ ከመንጋው መቀላቀሉ ለእኔ የበለጠ ያሳምነኛል። የፈረሶቹን ዘረ መል ከሶማሌ፣ ከአርሲና ከባሌ ፈረሶች ጋር አስተያይቶ ማየት ይህን ክርክር ይፈታዋል። ለዚያ ግን መጀመሪያ ፈረሶቹ መኖር አለባቸው።

ሐረርን ካነሣን አይቀር፣ የሐረር ገዢ የነበሩት ራስ መኮንን የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮርያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ በዚያ ፈረስ ስም ነው የተጠራው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለው ሲጠሩ ሁሉም በፈረሳቸው ነው። ጀግናው በአባቱ ስም ሳይሆን በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ነው ያለን። በአዊ ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በእኔ አስተያየት ለፈረስ ጥበቃ ከሁላችንም የተሻለ የሠሩት እነዚህ ፈረሰኞች ናቸው። እነርሱ ዘንድ ያማረ ድንጉላ ይታያል፣ ይወራለታል፣ ይጠበቃል። አንድ ዝርያ የሚቆየው የሚኮራበት ሰው ሲኖር ነው።

የአገራችን ፈረሶች

ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች አሏት፤ ይህም በአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች ተርታ ያስቀምጣታል። የአገራችን ተመራማሪዎች መልካቸውንና የሚኖሩበትን ሥነ ምኅዳር ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በ8 መደቧቸው። እነርሱም የሰሜን ደጋው የሐበሻ ፈረስ፣ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ሆሮ፣ ካፋ፣ ቦረና፣ በኦጋዴን በኩል ያለው ዊልዋል እና የቁንዱዶው ናቸው። ከስምንቱ ሰባቱ ባለቤት አላቸው።

በዓለም አቀፍ የፈረስ ስፖርት መለኪያ ቁመቱ ትከሻው ላይ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ፖኒ ይባላል። በዚህ መለኪያ የአገራችን ፈረስ በአብዛኛው ፖኒ ነው፤ ሰላሌ እንኳ ያን ያህል በቁመናው የሚወደሰው። ይህ ግን ጉድለት አይደለም። ትልቅ አካል ብዙ መኖ ይጠይቃል። በሰኔ ሣሩ ሳይደርስ፣ በሚያዝያ ገለባው ሳያልቅ የሚኖር ፈረስ አገራችን ውስጥ የለም። በእነዚህ ወራት ትልቁ ይሞታል፣ ትንሹ ያልፋል። ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ እየተጣራ የመጣውን አካል «ድንክ» ብለን ስንንቀው፣ ከእኛ በፊት ችግሩ የመረጠውን እየናቅን ነው።

ለምን ይጠነክራል?

ላም የበላችውን ታመነዥካለች፤ ከጨጓራዋ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሣሩን ከመፈጨቱ በፊት ያብላሉላታል። ፈረስ አያመነዥክም። የእርሱ ማብላያ ከትንሹ አንጀት ቀጥሎ ያለው ትልቁ አንጀት ነው። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ሣር ላም ከምታገኘው ያነሰ ያገኛል፤ ነገር ግን ሣሩ በሰውነቱ ውስጥ ቶሎ ስለሚያልፍ ሌላ መብላት ይችላል። ላም ገለባው በጣም ሻካራ ሲሆን ሆዷ ይሞላና ትቆማለች። ፈረስ ግን እየበላ ይቀጥላል። ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ያህሉን ሲግጥ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። የቁንዱዶ ፈረስ በክረምት የለመለመውን፣ በበጋ የደረቀውን ሣር በልቶ የሚኖርበት ምስጢር ይኸው ነው።

ይህን ያወቀ ባለጋሪ አንድ ነገር ይገባዋል። ጋሪ ላይ 10 ሰዓት ቆሞ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ ገብስ የሚሰጠው ፈረስ፣ ከተፈጥሮው ውጭ እየተመገበ ነው። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ሆዱ በድንገት በእህል ሲሞላ የሚይዘው ቁርጠት ይገድለዋል። በየመካከሉ እፍኝ ድርቆሽ ከፊቱ ማድረግ ከአንድ ጣሳ ገብስ ይበልጣል።

የመንጋው ኑሮም የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ ድንጉላ ጥቂት ባዝራዎችንና ግልገሎቻቸውን ይዞ ይሄዳል። ወንዶቹ ልጆች 2 ወይም 3 ዓመት ሲሞላቸው ያባርራቸዋል፤ እነርሱም ለብቻቸው ተሰብስበው ቀን ይጠብቃሉ። ይህ ማባረር ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጅ ከእናቱና ከእህቱ ጋር እንዳይጠቃ የሚከላከል ጥበብ ነው። ችግር የሚመጣው የተባረረው ጎረምሳ የሚሄድበት ሌላ መንጋ ሲያጣ ነው። በአንድ አምባ ላይ አንድ መንጋ ብቻ ሲቀር፣ ሥርዓቱ ቢኖርም ጥቅሙ ይቀራል።

ሒሳቡ

አሁን እርሳስ ያዙ። ባዝራ 11 ወር ታረግዛለች፤ የምትወልደውም አንድ ነው። በደህና መኖ በየዓመቱ መውለድ ብትችልም፣ በተራራ ሣር ላይ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብትወልድ ጥሩ ነው።

ለምሳሌ 12 ፈረሶች አሉ እንበል፤ አንድ አውራ ድንጉላ፣ 5 ባዝራዎች፣ 6 ልጆች። በዓመት የሚወለደው 2 ወይም 3 ነው። አንዱን ጅብ ይበላዋል። አንዱን ሰው ወርዶ ሊሸጠው ይይዘዋል። እናም መንጋው አያድግም። አንድ ክፉ ዓመት፣ ማለትም ድርቅ ወይም በሽታ ሁለት ባዝራዎች ቢገድል፣ የሚወለደው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ይሆንና ቁልቁለቱ ይጀመራል። ማንም ሰው «መንጋውን ላጥፋ» ብሎ አልተነሣም። እያንዳንዱ አንዲት ፈረስ ብቻ ነው የወሰደው።

ሁለተኛው ሒሳብ ደግሞ የደም ነው። በእርባታ ሳይንስ የመንጋውን ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን «ውጤታማ ቁጥር» የሚባለውን እናሰላለን። የወንዶቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር፣ ከዚያም በ4 ማባዛት፤ የተገኘውን ለወንዶቹና ለሴቶቹ ድምር ማካፈል ነው። አንድ ድንጉላና 5 ባዝራ ሲሆን፣ 4 ጊዜ 1 ጊዜ 5 ሃያ ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 3.3 ነው። 6 አዋቂ ፈረሶች ቆመው ስናይ፣ በደም በኩል ግን ከ3 ብዙም የማይበልጡ ናቸው። አንድን ለውጤታማው ቁጥር እጥፍ ስናካፍል በአንድ ትውልድ የሚጨምረውን የዘመድ ጥቂያ መጠን እናገኛለን፤ እዚህ 15 በመቶ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደ ጤናማ ወሰን የሚያየው 1 በመቶ ነው፤ ለዚያ ውጤታማው ቁጥር 50 መድረስ አለበት። የዘመድ ጥቂያ ሲበዛ የሚታየው መጀመሪያ ትልቅ ነገር አይደለም። ባዝራዋ መያዝ ታዘገያለች፤ ግልገሉ ደካማ ይወለዳል፤ በሽታ ቶሎ ይጥለዋል።

ወደ ግቢያችሁ እንምጣ። 10 ሴት ዶሮና 1 አውራ ያላት ሴት ውጤታማ ቁጥሯ 3.6 ነው፤ በትውልድ 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሌላ ሴት ሳትጨምር አውራዎቹን 3 ብታደርግ ቁጥሩ 9.2 ይሆናል፤ ጭማሪውም ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ሁለት አውራ መጨመር ለመኖ የሚያስወጣው ትንሽ ነው። በጉልበት የሚጣሉ ከሆነ በተራ ማስገባት ወይም በየዓመቱ ከጎረቤት ጋር አውራ መለዋወጥ ይቻላል። በበግም እንዲሁ ነው። አንዱ ጥሩ ኮርማ በግ ለ5 ዓመት ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ሲያጠቃ ኖሮ «የበጎቼ ዘር ከዳኝ» የሚል አርቢ ገጥሞኛል። ዘሩ አልከዳውም።

ከሌላ አገር ሁለት ምሳሌዎች

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ኤክስሙር በሚባል ረግረግና ሣር ያለበት ከፍተኛ ምድር ላይ ከፊል ዱር የሆነ ፖኒ ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዱ ለመተኮስ ልምምድ፣ ሌላው ለሥጋ እየተባለ ፈረሶቹ አለቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ የቀሩት 50 ያህል ብቻ ነበሩ። ያዳናቸው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ እዚያው የሚኖሩ ጥቂት የከብት አርቢ ቤተሰቦች ናቸው። ፈረሶቹ ዓመቱን ሙሉ በተራራው ላይ በነጻነት ይውላሉ። በመጸው አንድ ጊዜ ግን ባለቤቶቹ ሰብስበው ያወርዷቸዋል፤ ግልገሎቹ አንድ በአንድ ይመረመራሉ፣ ይመዘገባሉ፣ የትኛው ድንጉላ ቀርቶ የትኛው እንደሚወጣ ይወሰናል። ከዚያ ይለቀቃሉ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ሁለተኛው የናሚቢያ ነው። በናሚብ በረሃ ጋሩብ በሚባል ቦታ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ የሸፈቱ ፈረሶች ይኖራሉ። በዚያ ደረቅ ምድር ያቆያቸው ለባቡር ተብሎ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ነው። ባቡሩ ውኃ መፈለጉን ሲያቆም ሰዎች ለፈረሶቹ ብለው ውኃውን አላቋረጡባቸውም። በቅርብ ዓመታት ግን ድርቅ ሲበረታና ጅብ ግልገሎቹን ሲለቅም፣ ለተከታታይ ዓመታት የሚያድግ ግልገል ጠፋ። መንጋው ሲታይ አለ፤ ግን ሁሉም አዋቂና አሮጌ ነበር። የግልገል አለመኖር ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ምልክት ነው።

እኔ ለቁንዱዶ የሚበጀው የኤክስሙሩ መንገድ ነው ባይ ነኝ። ተራራውን አጥሮ ሰውን መከልከል አያዋጣም፤ ገበሬው ከብቱን እዚያ ያሰማራል። ይልቁንም የሚጠብቁት ራሳቸው የጉርሱም አርሶ አደሮች ቢሆኑ፣ ባዝራ መያዝ በማኅበረሰቡ ሕግ ቢከለከል፣ ትርፍ ወንድ ፈረስ ግን በፈቃድ ለእነርሱ ቢሰጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ወንዱ ይበዛል፤ መንጋውን የሚያስቀጥለው የባዝራዋ ማኅፀን ነው።

በእጃችን ስላሉት ፈረሶች

ከከተማው ዳር የመጣችሁና ፈረስ ያላችሁ ሠልጣኞች ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት።

የመጀመሪያው ነገር የዘር ምርጫ ነው። በገጠር እንደምናየው ደህናው ወጣት ድንጉላ ወይ ይኮላሻል ወይ ለከተማ ጋሪ ይሸጣል። ባዝራዋን የሚያጠቃት የቀረው፣ ማንም ያልፈለገው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የተሻለውን እያወጣን የባሰውን ዘር እያደረግን ነው። በአንድ ቀበሌ ሦስት ወይም አራት ጥሩ ድንጉላ ሳይኮላሽ እንዲቆይ አርሶ አደሮች ቢስማሙና ለባለቤቱ የጥቂያ ክፍያ ቢከፈለው ነገሩ ይለወጣል።

ሁለተኛው የበቅሎ ጉዳይ ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። የበቅሎ ዋጋ ጥሩ ስለሆነ ባዝራን ለአህያ ማስጠቃት ክፋት የለውም። ነገር ግን ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ስላላቸው በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች፤ አትወልድም። እያንዳንዷ በቅሎ የአንድ ፈረስ ግልገል ቦታ ወስዳ ነው የምትመጣው። ምርጧን ባዝራ መጀመሪያ ለፈረስ አስጠቁ፤ ምትኳን ስታገኙ ለአህያ ስጧት።

ሦስተኛ፣ ክብደት። ሚዛን ባይኖርም በሜትር ብቻ መገመት ይቻላል። ከፊት እግር ኋላ፣ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለኩ። ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ አባዝታችሁ ለ11,880 አካፍሉ። ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 214 ኪሎ ያህል ነው። ይህ ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። የጥገኛ ትል መድኃኒትም የሚሰጠው በዚሁ ክብደት ተሰልቶ ነው፤ በዓይን ግምት አሳንሶ መስጠት ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል።

አራተኛ፣ በሽታ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ትንኝ ናት፤ ከዝናብ በኋላ ትበዛለች። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ማበጥና ከአፍንጫ አረፋ መውጣት ምልክቱ ነው። አንዴ ከያዘ ማዳኛ የለውም፤ ክትባቱ ግን አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ክሊኒኩን ጠይቁ። ጋሪ ፈረሶችን የሚያሰቃየው ሌላው በእግርና በደረት ቆዳ ሥር እንደ ዶቃ ተሰካክቶ እያበጠ የሚፈነዳ ቁስል ነው። በሻጋታ የሚመጣ ሲሆን፣ በቁስል፣ በዝንብና በአንድ ማነቂያ ወይም ገመድ ለሁለት ፈረስ በመጠቀም ይተላለፋል። ሕክምናው ረጅምና ብዙ ጊዜ የማይሳካ ነው። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ዕቃ ይኑረው፤ ትከሻው የተላጠ ፈረስ ሳይድን ጋሪ አይግባ። ከተራራ የተያዘ የሸፈተ ፈረስም ወደ ከተማ ጋሪ ሲወርድ ለዚህ በሽታ ሊጋለጥ ይችላል።

የቡድን ሥራ

በ5 በ5 ሆናችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ በግቢያችሁ ያለውን አንድ የእንስሳ ዓይነት መርጣችሁ፣ ለመራቢያ ያላችሁን ወንድና ሴት ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ ውጤታማውን ቁጥርም አስሉ። ወንዱ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ አሁን ያሉት ሴቶች ልጆቹ መሆን አለመሆናቸውን አብራችሁ መዝግቡ። ከዚያ የቡድኑን አባላት ቁጥር ደምራችሁ እንደ አንድ መንጋ አስሉትና ከብቻችሁ ካገኛችሁት ጋር አስተያዩ። ማን ከማን ጋር ወንድ ቢለዋወጥ እንደሚሻል ተነጋግራችሁ ስማችሁን በየወረቀቱ ግርጌ አስፍሩ። ወረቀቶቹን ነገ ጠዋት ሥልጠናው ሲጀመር እሰበስባለሁ፤ ልውውጡን የተስማማችሁ ከበዓሉ ገበያ በፊት ብታደርጉት ይመረጣል፣ በበዓል አውራ ዶሮ ለዘር የሚተርፍ የለምና።